ሙሽራው ያሉኝ ቀን

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? ትዳሩ እንዴት ይዞሃል? ሄሊናስ ደህና ናት? ከጫጉላ ተመልሳችሁ ሲኤምሲ የተከራያችሁት ቤት መግባታችሁን እናትህ ነገሩኝ። እንኳን ለዚህ አበቃህ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወጥቼ መግባት ጀምሬያለሁ። እህል ይወርድልኛል። ስስቅ ብቻ ጎኔን ይወጋኛል፤ ብዙም ስለማልስቅ ግን አልከፋም።

እናትህ ባለፈው እሑድ አራብሳ ድረስ በታክሲ መጥተው ነበር። ያንን ሁሉ ደረጃ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ የአጥንት ሾርባ በእጃቸው አንጠልጥለው። ስላንተ ስጠይቃቸው «ሥራ በዝቶበት ነው ልጄ፤ አንተን ሳያይማ አይቀርም» አሉኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እናትህ መዋሸት አይችሉበትም፤ ይሄን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ስለዚህ ሌላ ወሬ አመጣሁላቸው።

እኔም ደጋግሜ ደውዬልሃለሁ። ይጠራል፤ አይነሳም። ቴሌግራም ላይም ጽፌ ጽፌ ሳልልከው አጠፋሁት። ለነገሩ በስልክ ብታነሳልኝም መሃል ላይ ትዘጋብኝ ነበር። ወረቀት ግን አይዘጋም። ቢበዛ ትቀደዋለህ፤ ለመቅደድም ቢሆን በእጅህ መያዝህ አይቀርም።

የሰማሁትን ልንገርህ። «ጉቱ ጽድቅ አማረውና ሰርጌን ጥሎ ቀረ፤ በሰው ፊት አዋረደኝ» ብለሃል አሉ። ሚዜዎቹ ተደርድረው የተነሡትን ፎቶም አይቻለሁ፤ አንድ ቦታ ክፍት ትታችኋል። ቅር አላለኝም። እውነትህን ነው፤ ቀርቼብሃለሁ። እንዴት እንደቀረሁ ግን ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ከእኔው ስማው ብዬ ነው።

ቃሌን አልረሳሁም። ሙሉ ልብሱን ልንለካ ቦሌ ልብስ ሰፊው ዘንድ የሄድን ጊዜ፣ መስታወቱ ፊት አቁመህ ክራቫቴን እያሰርክልኝ ያልከኝን አስታውሳለሁ። «ለአንዲት ቀን ተራ ሰው ሁንልኝ» አልከኝ። «ደህና ሰው ሁን አላልኩህም። ተራ ሰው። ብላ፣ ጠጣ፣ ጨፍር፣ ሮዳስህን አቅፈህ ፎቶ ተነሣ።» ብትለኝ አይፈረድብህም። ቀለበት ያሰርክ ዕለት፣ ከእኛ ብሎክ አንድ ሽባ አዛውንት ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው አጥተው ከፎቅ ተሸክመን ስናወርድ አምሽቼ፣ የደረስኩት ኬኩ ካለቀ በኋላ ነው። ቅዳሜን ከማኅበሩ ልጆች ጋር የአልጋ ቁራኞችን ገላና ልብስ ስናጥብ እንውላለን። እሑድ ደግሞ ያው ከቅዳሜ የተረፈ ሥራ አይጠፋም። ሮዳስ እንኳ «ቅዳሜህም እሑድህም የሰው ነው፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ሰኞ የደከመው ጉቱ ነው» ትለኝ ነበር። ስለዚህ በማርያም ማልኩልህ። ያን ቀን ከአንተ በቀር የማንም እንደማልሆን።

ደግሞ የመሐላ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ እኔም ፈልጌው ነበር። በዚህ ዕድሜዬ መጨፈር እወዳለሁ፤ መጠጣትም፣ መሽቀርቀርም። ሮዳስ በዚያ ሙሉ ልብስ እንድታየኝ ፈልጌ ነበር። አንተ ብቻ ሳትሆን እኔም ከራሴ ማረፍ አምሮኝ ነበር። የዚያን ጠዋት ጫማዬን እያፏጨሁ ስወለውል እናቴ «የሰው ሰርግ እንዲህ ካደረገህ የራስህ ዕለትማ ልትበር ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

የዳግም ትንሣኤ ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ከአራብሳ ወደ እናንተ ቤት ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ ደረቴ ላይ ያለውን ነጭ አበባ አይቶ «ሙሽራ ከኋላ አይቀመጥም» አለና ጋቢና አስገባኝ። ሰሚት ልንገባ ስንል መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ቆመ። አርፍጄ ነበርና ወርጄ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ከማዞሪያው በላይ፣ ያ ተጀምሮ የቆመ ሕንፃ ያለበት ጋ፣ ሰው ክብ ሠርቶ አየሁ። «ሌባ! ሌባ!» ይላሉ።

መጀመሪያ አለፍኩ። ይሄን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። መሃል ላይ ሰው እየተደበደበ መሆኑ ገብቶኛል፤ «ዛሬ የእኔ አይደለም» አልኩና ጫማዬን አቧራ እንዳይነካው እየመረጥኩ አለፍኩ። ድምፁ ግን ተከተለኝ። ሰው በዱላ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ፊልም ላይ የምንሰማው ዓይነት አይደለም። እርጥብ ምንጣፍ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሲወቀጥ እንደሚሰማው ነው። ደግሞም ይስቁ ነበር። ዱላውን ረስቼው ይሆናል፤ ሳቁ ግን እስካሁን አለቀቀኝም።

ዞር ስል በእግሮቹ መሃል አንድ ፊት አየሁ። የእኛ እኩያ ነው። አንደኛው ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፣ አፉ ደም ሞልቷል። በቀረችው ዓይኑ ከዚያ ሁሉ ሰው እኔን መረጠኝ። አበባውን አይቶ መሰለኝ። «ሙሽራው!» ብሎ ጮኸ። «ሙሽራው፣ በናትህ! በሰርግህ ቀን አታስገድለኝ!»

ሆስፒታል ተኝቼ ይሄን ነገር ብዙ አሰብኩት። «ወንድሜ» ብሎኝ ቢሆን የምመለስ አይመስለኝም፤ ወንድሜ የሚለኝ ብዙ ነው። በማርያም ቢለኝም እኔም በማርያም ምዬ ነበር። እሱ ግን ሙሽራው አለኝ። ሰርግህ በዚህ ልጅ ሞት ሊጀመር ነው ብዬ ደነገጥኩ። እንግዲህ ብታምነኝም ባታምነኝም፣ የገባሁት ላንተ ብዬ ነው።

«ይበቃዋል! ለፖሊስ ስጡት!» አልኩ። አንዱ «አንተ ደግሞ ማነህ?» አለኝ። ከኋላ ሌላው «ግብረ አበሩ ነው!» ብሎ ጮኸ። ያቺ ቃል በቃች። ማጅራቴን በጥፊ አገኘኝ፤ ዞር ስል ሆዴን ተረገጥኩ። ከዚያ ወዲያ ማን እንደመታኝ አልለየሁም። ልጁ ላይ ተኛሁበት። እላዩ ላይ ስሆን የሚወርደውን ሁሉ የምቀበለው እኔ ሆንኩ፤ ጎድኔ ሲሰበር ሰማሁት። ልጁ ከፍርሃቱ የተነሣ ትከሻዬን በጥርሱ ነክሶ ያዘኝ፤ አልለቅም አለ። ጠባሳው አለ፤ ስትመጣ አሳይሃለሁ። ከዱላው ሁሉ ያ ንክሻ ነበር ያስለቀሰኝ።

እንዳትሳሳት ታዲያ፣ ልጁ በእርግጥ ሰርቋል። ስልኩን ከካልሲው አውጥተው ለባለቤቷ መልሰውላታል። ባለቤቷ አንዲት ቀጭን ልጅ ነች፤ ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ «አግኝቻለሁ! ስልኬን አግኝቻለሁ፣ ተዉት በቃ!» እያለች ታለቅሳለች። አንዱ ጎረምሳ «አንቺ ምን አገባሽ!» ብሎ ገፍትሮ ቦይ ውስጥ ጣላት። ያኔ ነው እዚያ የቆመው ሰው ለስልክ ብሎ እንዳልቆመ የገባኝ።

ከዚያ ፌሮ የያዘ ሰው መጣ። ከሕንፃው ሥር ያነሣው የአርማታ ብረት ነው። «ራሱን አሳዩኝ፣ ራሱን!» እያለ ሰው እየገፈተረ መጣ። ጎልማሳ ነው፤ ልብሱ ላይ ሲሚንቶ አለ። ፌሮውን ወደ ላይ ሲያነሣ እግሩን ጠልፌ ጎተትኩት፤ ተንገዳገደ፤ ፌሮው እኔ እጅ ገባ። ተነሣሁ። መታሁት።

የመጀመሪያው ራሴን ለመከላከል ነው። ክንዱን ነው የመታሁት፤ እንደ ደረቅ እንጨት ቋ ብሎ ተሰበረ። ሁለተኛው ግን ለመከላከል አልነበረም። ሰውዬው ወድቋል። በደህናው እጁ ፊቱን ጋርዶ «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» እያለኝ ነው። እያለኝ ትከሻው ላይ መታሁት። ደግሞ ደስ አለኝ። ይሄን ለሮዳስም አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም ጀምሬ ተውኩት። በሙሉ ልቤ ደስ አለኝ። የአልጋ ቁራኛ የማጥብበት እጄ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ውስጡ ሌላ ሰው ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ነበር። ሦስተኛ ልጨምርለት ፌሮውን አንሥቼ ነበር፤ እግዜር ይመስክርብኝ፣ የት ላሳርፈው እንዳሰብኩ አውቃለሁ።

ያኔ ነው ጥሩምባ የተነፋው።

መንገዱን ዘግተንበት ነበር። በሪባንና በአበባ ያጌጡ መኪኖች ተከታትለው፣ ጥሩምባቸውን እየነፉ፣ ዘፈናቸው እስከ ጥግ ተከፍቶ መጡ። ሰዉ ለሰርገኛ መንገድ ይለቃልና ወደ ዳር ሸሸ። ደብዳቢዎቹ እንኳ ሸሹ። መሃል ላይ የቀረነው እኔ፣ ልጁና ክንዱ የተሰበረው ሰው ነን። ፊተኛዋ ነጭ መኪና እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። የኋላ መስኮቷ ክፍት ነበር። ሙሽራው አየኝ። ኮቴ ተቀዷል፣ ደም በደም ሆኛለሁ፣ ፌሮ አንሥቼ ቆሜያለሁ። ፌሮውን አወረድኩና ሌላውን እጄን አነሣሁለት። ለሰላምታ ይሁን ለእርዳታ አሁን አላውቀውም። ትንሽ ተያየን። ከዚያ መስኮቱ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተዘጋ። መኪናዋ ሄደች፤ የቀሩትም ተከተሏት።

በዳግም ትንሣኤ በሰሚት መንገድ ስንት ሙሽራ እንደሚያልፍ አንተም ታውቃለህ። የማን ሰርግ እንደነበረ አልለየሁም። ዓይኔ ውስጥ ደም ገብቶ ነበር።

መኪኖቹን እያየሁ ሳለ ከግራ በኩል በኮብልስቶን ድንጋይ ጭንቅላቴን መቱኝ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው በቁርጥራጩ ነው። አፌ ውስጥ አፈር ነበረ። አንድ ሰው አንገቴ ላይ ቆሞ ነበር። ሙሉ ልብሴን እየቀደዱ ሲስቁ ይሰማኝ ነበር፤ ሸሚዜ በክራቫቱ ተጠምጥሞ አነቀኝ። አንዱ «ሙሽሪት ትምጣና ታንሣው!» ይላል። ከዚያ የሴት እጅ እግሬን ይዞ ሲጎትተኝ ተሰማኝ። ወይዘሮ ወርቄ ይባላሉ፤ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አላቸው። ስልክ የተሰረቀችው ልጅ ከቦዩ ወጥታ ሌባውን ትጎትታለች፤ እሳቸው እኔን። ሱቁ ውስጥ አስገቡንና የብረቱን በር ዘጉት። ሰዉ በሩን በድንጋይ ይቀጠቅጠዋል፤ እሳቸው ከውስጥ «ባሌ ሽጉጥ አለው! አንዳችሁን ነው የሚደፋችሁ!» ይላሉ። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። በሩ እስኪጣመም ድረስ ደበደቡት፤ ፖሊስ የደረሰው ያኔ ነው።

ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ልጁን ከእኔ አጠገብ አስተኙት፤ አንድ እጁ ከአልጋው ጋር በካቴና ታስሯል። ኢዮስያስ ይባላል። ለምን እንደሰረቀ ጠየቅሁት። እናቴ ታማብኝ ይለኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ እንዲለኝም ፈልጌ ነበር። «ማታ ኮንሰርት ነበር፤ አንዲት ልጅ ቀጥሬያለሁ፤ ባዶ እጄን መሄድ አፈርኩ» አለኝ። ልገድለው ደረስኩ። እሱም መጨፈር አምሮት ነው፤ ለእሱ ብዬ ነው ከጭፈራዬ የቀረሁት።

ትንሽ ቆይቶ «ሙሽራው፣ ሰርግህስ?» አለኝ። ሙሽራ አይደለሁም፣ ሚዜ ነኝ አልኩት። «ታዲያ ሙሽራው የት ሄደ?» አለኝ።

«አለፈ» አልኩት። «ሙሽሪት እየጠበቀችው ነበር።»

ጣራ ጣራውን እያየ «እኔም ብሆን አልፍ ነበር» አለኝ። አላመሰገነኝም። በማግስቱ ወደ ማረፊያ ቤት ወሰዱት፤ ፍርዱን እየጠበቀ ነው አሉ። ያንን ቃሉን ግን ከምስጋና ቆጥሬለታለሁ፤ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ሙሽራው የሰጠው ምስክርነት ስለሆነ።

የፌሮው ሰው አዝመራ ይባላል። ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ሚስቱ ወዳለሁበት ክፍል መጥታ እግርጌዬ ቆመች። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ «ደጉ ሰው አንተ ነህ?» አለችኝ። «ክንዱን መስበርህ ይሁን፤ አጥፍቷል። ከወደቀ በኋላ ለምን ደገምከው?» አለችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ከሆስፒታል እንደወጣሁ ቤቱ ሄድኩ። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ወደ ኋላ ሸሸና ደህናውን እጁን ፊቱ ላይ ጋረደ። ሰው እኔን ፈርቶ ሲሸሽ አስበኸው ታውቃለህ? እኔን፣ ጉቱን? ይቅርታ ልጠይቅ መጥቼ ነው ስለው ቁጭ አልን። «ልጁን እኮ አላውቀውም» አለኝ አዝመራ። «ሰው ሲመታ አየሁና ገባሁ።» እኔም እንደዚያው ነኝ አልኩት። እስኪድን ድረስ ሥራው ላይ እየሄድኩ አሸዋና ሴራሚክ አቀብልለታለሁ፤ አንድ የሠፈሩ ልጅ ያነጥፋል፣ እሱ ቆሞ ያዛል። ጎኔ እየወጋኝም ቢሆን እሄዳለሁ። ይሄኛውን ጽድቅ ብለህ እንዳትስቅብኝ፤ የምሄደው በሩን ሲከፍት እንዳይሸሸኝ ነው። አሁን አሁን አይሸሽም።

ሰዎች ጀግና ይሉኛል። አንዱ በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቆታል፤ አይተኸው ይሆናል። ልጁ ላይ ተኝቼ ስደበደብ ብቻ ነው የሚያሳየው። አዝመራን ስመታው አይታይም። መኪና የሚባልም የለበትም፤ ደጋግሜ አይቼ አረጋግጫለሁ። ለፖሊስም ቃሌን ስሰጥ «በቦታው የምታውቀው ሰው አይተሃል? የሰርግ መኪና ቆሞ ነበር የሚሉ አሉ» ብለው ጠየቁኝ። የማውቀው ሰው አላየሁም ብዬ ፈርሜያለሁ። ያለቀ ጉዳይ ነው፤ በእኔ በኩል አይነሣም።

ሮዳስ በሰርጉ ማግስት ሆስፒታል መጣች፤ እጇ ላይ ያለው ሂና ገና አልለቀቀም። ታለቅሳለች ስል በንዴት የአልጋውን ብረት መታችው። «ለእኔ ብለህ አንዲት ቅዳሜ ቀርተህ ታውቃለህ? ለሌባ ግን ልትሞት ነበር!» አለችኝ። ዳግመኛ ቢገጥምህ ትገባለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ዋሽቼ አልገባም ብላት ይሻላት ነበር መሰለኝ።

ከዚያ የባሰ አለ። ቤት ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን መስኮቱ ጋ ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ነካችኝ። በግራ በኩል ነው የመጣችው፤ በግራዬ አልሰማም፤ ድንጋዩ ያረፈበት ነው፤ ሐኪሞቹም አይመለስም ብለውኛል። ስትነካኝ ዞሬ ቡጢዬን ሰነዘርኩ። ፊቷ ጋ ሲደርስ ቆመ። ያቆምኩት እኔ ልሁን እጄ ይሁን አልለየሁም። እሷ አልጮኸችም። እጄን በሁለት እጇ ይዛ ዝቅ አደረገችውና «ይሄ ከየት መጣ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህም ትመጣለች፤ ግን ሁሌም ከፊት ለፊቴ፣ ከበሩ ጀምራ ስሜን እየጠራች።

ለማኅበሩ ልጆች በየሳምንቱ እንደማልመጣ ነግሬያቸዋለሁ። አንዱ ቅር አለው፤ ሌሎቹ ተረዱኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከሮዳስ ጋር ቦሌ ወጥተን ፒዛ በላን፤ ሰው ስናይ ዋልን። የምንሰጠው እርዳታ፣ የምንጎበኘው በሽተኛ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ረስቼ የወጣሁ ይመስል ስቁነጠነጥ ነበር፤ በኋላ ግን ሙዚቃው ሲመጣ እግሬን ወለሉን ሲመታ አገኘሁት። ሮዳስም አይታኛለች። ደስ ብሎኝ ነበር። እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ደስታ በሁለት ዓይነት እንደሚመጣ ማወቅ። አንደኛውን ፌሮ ይዤ አውቄዋለሁ፤ ሌላኛውን እንዳልረሳ እየተለማመድኩ ነው።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ። አንተ የሰርግህን ቀን ኖርክ። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ የሰው ልጅ ጥሎሽ ለብሳ ስትጠብቅህ፣ እናትህ ያንን ሁሉ ዓመት የጠበቁትን ቀን ከመንገድ ልትመልሰው አትችልም ነበር። ሄሊናም በቀይ እድፍ የተነካ ሙሽራ አይገባትም። ማለፍ የሚገባው ቀን ነበር፤ ማለፍህ ትክክል ነው። ስለ መቅረቴ ነው የምልህ፤ ሌላ ነገር አላልኩም። ባልቀርብህ ኖሮ ደስ ባለኝ፤ ይቅር በለኝ። እኔ እንደሆንኩ በልቤ የያዝኩብህ የለም። ይዤ እንደነበር አልክድህም፤ ሆስፒታል ሳለሁ ጣራውን እያየሁ ብዙ ነገር ብዬሃለሁ። ለአዝመራ አሸዋ ሳቀብል ግን ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። እኔም የማልወደውን ሰውዬ ሆኜ ቆሜ ታይቻለሁ፤ በዚያች ሰዓት ካዩኝ ሰዎች መካከል መስኮት የዘጋው ቢያንስ አልመታኝም።

እናትህን አታስጨንቃቸው፤ ከእንግዲህ ደረጃውን እሳቸው አይውጡ። አንተ ና። ሥራ ውዬም ቢሆን ለማታ ቤት ነኝ። ሄሊናን ይዘህ ና፤ የሰርጉን ቪዲዮ ታሳየኛለች፤ የጨፈራችሁትን እያየሁ እስቃለሁ፤ ጎኔን ቢወጋኝም ይውጋኝ። ሮዳስም ትኖራለች። ስትመጣ በቀኜ በኩል ተቀመጥ፤ ጨዋታህ እንዳያመልጠኝ። ምናልባት ልትነግረኝ የሚከብድህ፣ ግን ካልተናገርከው የማያስተኛህ ነገር ካለ ደግሞ በግራዬ በኩል ሆነህ ተናገረው። አንተም ይወጣልሃል፣ እኔም አልሰማሁም።

ቤታችሁን የሳቅ ያድርግላችሁ። የወለዳችሁት ይባረክ፣ የተከላችሁት ይጽደቅ፣ በራችሁን ክፉ አያንኳኳው። እናትህን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በልልኝ።

የማይቀየምህ፣
አብሮ አደግህ